ጀልባዋን ማን እየገፋት ነው?

ቲርዛ ፎርዘይ ያን ዓመት ያልተጣላችው ነገር አልነበረም። ከኮምፒዩተሩ ጋር፣ ከነፋሱ ጋር፣ ከገዛ ልጇ ጋር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፁን እንጂ መልኩን አይታ ከማታውቀው የፊዚክስ አስተማሪ ጋር ተጣልታለች።

ነገሩ የጀመረው አጎት ኤላይ ጡረታ ልወጣ ነው ያለ ጊዜ ነው። አጎት ኤላይ የቲርዛ ዘመድ አይደለም፤ ዳርቢ ኮቭ ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ አጎት ይባላል። በካናዳዋ ደሴት በኒውፋውንድላንድ ደቡብ ዳርቻ ላይ እንዳሉት ብዙ መንደሮች ዳርቢ ኮቭም የመኪና መንገድ የላትም። ያላት አንዲት ጀልባ ናት፤ የጀልባዋን ሞተር ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲንከባከብ የኖረው ኤላይ ነው። ቲርዛ እዚያው ጀልባ ላይ ገመድ ትወረውራለች፣ ጭነት ታወርዳለች፣ በክረምት የወለሉን በረዶ በመዶሻ ትሰብራለች። ሥራ ፋታ ሲሰጣት ግን የምትገኘው ታች ሞተር ክፍል ነው። ማጣሪያ ማጠብም ሆነ ፓምፕ መፍታት የተማረችው ከእሱ ነው።

«እኔ ስወጣ መግባት ያለብሽ አንቺ ነሽ» አላት አንድ ቀን። «ሌላ ሰው አምጥተው እዚህ ቢጎልቱ ሞተሯ ራሷ ነው የምታኮርፈው።»

ኩባንያው ግን የሞተር ባለሙያነት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ያንን የሚያሰለጥነው ኮሌጅ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ካላለፍሽ ደጄን አትርገጪ ይላል። ቲርዛ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ መንደሯ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። አሁንም የለም። አሁን ግን በየወሽመጡ የተበታተኑት የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ልጆች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው በኢንተርኔት ከአንድ አስተማሪ ይማራሉ፤ ትምህርት ያቋረጡ ትልልቅ ሰዎችም ከነሱ ጋር መመዝገብ ይችላሉ። ቲርዛ ተመዘገበች።

አንድ ችግር ነበር። ዳርቢ ኮቭ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚያ ዓመት ፊዚክስ የምትወስደው ተማሪ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የቲርዛ ልጅ ካሲዲ ናት።

«አንድ ክፍል ልንሆን ነው?» አለች ካሲዲ፣ እራት እየበሉ ሳለ ሹካዋን አስቀምጣ።

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት? እማ፣ ምን አለበት ነው የምትዪው?»

«አንቺ ትምህርት ቤት፣ እኔ እዚህ ወጥ ቤት። ማን ያየናል?»

«ስማችን ይታያላ! ሁለት ፎርዘይ ተደርድሮ!» ካሲዲ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ቢያንስ አትናገሪ። ጥያቄ አትጠይቂ። ዝም ብለሽ ስሚ። በሞቴ።»

«እሺ፣ አልናገርም» አለች ቲርዛ። ያን ጊዜ ከልቧ ነበር።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባዋ ከጠዋቱ ጉዞ ተመልሳ እንደገና እስክትነሳ ባለው ክፍተት ነበር። ቲርዛ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና ማዳመጫውን ትሰካለች። አስተማሪው ሊያንደር ካይሊ ይባላል። ወፍራም፣ የረጋ ድምፅ ነበረው፤ ቲርዛ ባሰበችው ቁጥር የሚታያት ቦርጩ ቀበቶው ላይ የተኛ፣ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነው። አንድ ልማድ ነበረው፤ ነገሩን ሁሉ የሚጨርሰው «ግልጽ ነው» እያለ ነው።

ለቲርዛ ግን ግልጽ አልነበረም። ከተራራው ጫፍ ያለው የኢንተርኔት ማማ ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ዳርቢ ኮቭ ላይ ነፋስ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። «ዛሬ የምናየው እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው፤ እሱም…» ይላል ድምፁ። ከዚያ ጸጥታ። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። «…ስለዚህ ግልጽ ነው። ጥያቄ ያለው?» የትምህርቱን መጀመሪያና መጨረሻ ታውቃለች፤ መሐሉን የሚወስደው ነፋሱ ነው። የተቀዳውን በኋላ መስማት ይቻላል ተብሏል፤ ለማውረድ ስትሞክር ግን ምግብ ሠርታ፣ በልታ፣ ዕቃ አጥባ ስትመለስ ያቺው ክብ ትጠብቃታለች።

የቤተ ሙከራ ዕቃም በፖስታ ይላክላቸው ነበር። ሣጥኑን ከጀልባዋ ያወረደችው ራሷ ቲርዛ ናት። ስትከፍተው ጥቅል ሽቦ፣ ትንንሽ ክብደቶችና የብረት ሐዲድ አገኘች። ሐዲዱ ላይ የምትንከባለለው ጋሪ ግን የለችም። ጋሪ ጎድሏል ብላ ጻፈች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለተኛ ሣጥን መጣ፤ ውስጡ ሌላ ጥቅል ሽቦ ነበር። እንደገና ጻፈች። ሦስተኛ ጥቅል ሽቦ ላኩላት።

«ጥቅል ሽቦ ትወዳለች ብለው ይሆናል» አለች ካሲዲ።

ቲርዛ አልሳቀችም።

ዝም እላለሁ ያለችውን ያፈረሰችው በጥቅምት ነው። ያን ቀን ነፋሱ ጋብ ብሎ ስለነበር ድምፁ ጥሩ ይሰማል። አስተማሪው ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ እያስተማረ ነበር፤ ምሳሌ ሲሰጥም ከዓለም ነገር ሁሉ የመረጠው ጀልባ ነው። አንዲት ጀልባ ቀጥ ባለ መስመር፣ ፍጥነቷን ሳትቀይር ትሄዳለች አለ። በጀልባዋ ላይ ያሉት ኃይሎች ሲደመሩ ስንት ነው? ከአንዱ ወሽመጥ አንድ ልጅ «ዜሮ» አለ። «ትክክል» አለ አስተማሪው። «ግልጽ ነው።»

የቲርዛ ጣት በራሱ ጊዜ ሄዶ ማይክሮፎኑን ከፈተ።

«ሚስተር ካይሊ፣ ስህተት አለ።»

«ወይዘሮ ፎርዘይ! ይቀጥሉ፣ የት ላይ?»

«ጀልባዋ ላይ። ዜሮ ከሆነ ማን እየገፋት ነው?»

«ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋታል፤ ውሃው ደግሞ ወደ ኋላ ይይዛታል። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ድምሩ ዜሮ ይሆናል።»

«እኩል ከሆኑማ ቆማለች ማለት ነው! ሁለት ሰው ገመድ ሲጓተት እኩል ከሆነ ገመዱ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ መብለጥ አለበት። ትንሽም ቢሆን መብለጥ አለበት።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ነገር ግን…»

«እኔ እኮ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው! በየቀኑ! ሞተሩን ያጥፉትና የት እንደምትደርስ እናያለን!»

በስክሪኑ ጎን ተማሪዎቹ የሚጻጻፉበት ቦታ አለ። ያ ቦታ በአንድ ጊዜ በሳቅ ተሞላ። አንዱ «የባሕር ኃይል አዛዧ መጣች» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ደግሞ «ሁለቱ ፎርዘዮች ዘመድ ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

የካሲዲ መልስ ወዲያው ከሥር መጣ። «አይደለንም።»

ቲርዛ አነበበችው። አስተማሪው «ወይዘሮ ፎርዘይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት…» ብሎ ሲጀምር ነፋሱ ተነሣና ድምፁን ወሰደው። መስመሩ ሲመለስ ክፍሉ ተበትኗል።

ካሲዲ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«አይደለንም?»

«እማ፣ አልናገርም ብለሽ ነበር።»

«ዘመድ አይደለንም? ዘጠኝ ወር ተሸክሜሽ ዘመድ አይደለንም?»

«ምን ልበል ታዲያ? ሁሉም እየሳቀ! ደግሞ እሱ ነው ልክ፤ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው።»

«እስቲ አስረጂኝ።»

«ኃይሉ ዜሮ ከሆነ ፍጥነቱ አይለወጥም። አለቀ።»

«እሱን መጽሐፉም ይላል። እኔ ለምን ነው የምለው።»

«ለምን የለውም! ሕግ ነው!» ካሲዲ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ሲዘጋ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

ቲርዛ የዚያን ሳምንት የቤት ሥራ ስትሠራ የጀልባዋን ጥያቄ እንደሚመስላት መለሰችው። አስተማሪው ዜሮ ሰጥቶ መለሰላት፤ ከሥሩም «ምዕራፍ አራትን ያንብቡ» ብሎ ጽፎ ነበር። ምዕራፍ አራትን አነበበች። ደግማ አነበበች። ቃሉን በቃሏ እስክትወጣው አነበበች፤ ሆዷ ውስጥ ግን አልገባም። የአጋማሹ ፈተና ሲመጣ ወደቀች።

«እተወዋለሁ» አለችው ለኤላይ፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ በጫጫታው መሐል እየጮኸች። «አንተ ራስህ ንገረኝ፤ ማን ነው ልክ? እኔ ወይስ ሰውዬው?»

«የሚፈትንሽ ሰውዬ ነዋ» አለ ኤላይ።

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም፣ የኔ ልጅ። በኔ ጊዜ ይሄን የጠየቀኝ የለም። ሞተሯ ከዞረች ዞረች፣ ካልዞረች እፈታታለሁ። የማውቀው ይኸው ነው።»

ባሏ ዌስ የሚሠራው ሩቅ፣ አልበርታ በሚባለው የካናዳ ክፍል፣ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ ነው፤ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። እሱም «ተይው በቃ፣ ለምን ራስሽን ታሰቃያለሽ?» አላት። ይህን በማለቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ሰው ሁሉ ተይው ሲላት መተው አቃታት፤ ከእልኋ የተነሣ ክረምቱን ሙሉ ያንን ማዳመጫ ስትሰካ ከረመች።

በሚያዝያ አስተማሪው ሊመጣ ነው ተባለ። የርቀት አስተማሪዎች በዓመት አንዴ እየዞሩ ተማሪዎቹን በአካል ቤተ ሙከራ ያሠራሉ። ቲርዛ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን የደግነት አልነበረም። ከጥቅምት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ ፊት ለፊት ልትነግረው ነው። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሦስቱ ጥቅል ሽቦ፣ ስለ ምዕራፍ አራት። ገመድ ስትጠቀልል በልቧ ትለማመደው ነበር።

እሱ በሚመጣበት ቀን የመኪና መንገዱ ከሚያልቅበት ከወዲያኛው ወደብ የተሳፈሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከነሱ መሐል ትልቅ ሻንጣ የያዘ፣ ቀጭን፣ የከተማ ጫማ ያደረገ ወጣት አለ።

«ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃት ትኬቱን እያሳየ።

«ትንሽ ትወዛወዛለች» አለችው ቲርዛ።

ትንሽ አልነበረም። ከወሽመጡ አፍ እንደወጡ ማዕበሉ ከጎን ይመታቸው ጀመር። ቲርዛ መንገደኞቹን ለማየት ስትወርድ ያ ወጣት አግዳሚው ላይ ተጋድሞ፣ ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ አገኘችው። ባልዲ አመጣችለት። በሰዓቱ ነው የደረሰችው።

«አይዞህ፣ ይወጣልሃል» አለች ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች። «ቁርስ ምን በልተህ ነው?»

«እንቁላል» አለ እያቃሰተ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ «ሁለተኛ ጀልባ ላይ እንደማልወጣ… ግልጽ ነው» አለ።

የቲርዛ እጅ ፎጣው ላይ ቆመ። ድምፁን አወቀችው። ያ ወፍራም ድምፅ ከዚህ ጭራሮ ከሚያህል ልጅ ደረት ውስጥ ነበር የሚወጣው።

«ሊያንደር ካይሊ ነህ?»

«ነኝ። እርስዎስ?»

«ቲርዛ ፎርዘይ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ወይኔ አምላኬ» አለ። «ማን ይገፋታል ያሉት።»

«እሷው ነኝ!»

ያጠራቀመችውን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ልጁ እንደገና ባልዲው ላይ ተደፋ። ቲርዛ ጀርባውን ይዛ ቆመች። እያስመለሰ ያለን ሰው እንዴት ይቆጡታል? ለወራት የተለማመደችው ንግግር ሳይነገር ቀረ፤ ያም ይበልጥ አናደዳት። ቀና ሲል ደረቅ ብስኩት አስያዘችውና ክንዱን ደግፋ ነፋስ ወዳለበት ወደ ላይኛው ወለል አወጣችው።

«ዳርቻውን እይ፣ የማይንቀሳቀሰውን ነገር። ውሃውን አትይ።»

የወለሉን የብረት መደገፊያ በሁለት እጁ ጨምድዶ ዳርቻውን አየ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

«ያን ዕለት ተናደው የወጡ መስሎኝ ነበር» አለ። «እኔ እኮ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነው የምቀመጠው። ፊት አላይም። እናገራለሁ፣ እናገራለሁ፤ ይግባቸው፣ ይተኙ፣ መስመር ይቋረጥባቸው አላውቅም። ተከራክሮኝ የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ደስ ካለህ ለምን ዜሮ ሰጠኸኝ?»

«ስለተሳሳቱ ነዋ!»

ቲርዛ ባሕር ልትጥለው ምንም አልቀራትም። የዚያኑ ጊዜ ግን ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ፤ ወደቡ ታይቷል፤ ገመዷን ልትይዝ ወደ ፊት ሄደች። ሊያንደርም መደገፊያውን እየያዘ ተከተላት። ጀልባዋ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ወደቡ ትንሸራተት ጀመር።

«አሁንስ ማን እየገፋት ነው?» አለ ከኋላዋ።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ አታናግረኝ።»

«አንድ ቃል ብቻ። ማን ነው?»

«ማንም! ሞተሩ ጠፍቷል አላየህም? ራሷ ናት የምትሄደው።»

ብላ ከተናገረች በኋላ የተናገረችውን ሰማችው። በየቀኑ፣ በዚህችው ቦታ፣ ይህንኑ ገመድ ይዛ ቆማ ያየችው ነገር ነው። ሞተሩ ቀድሞ ባይጠፋ ኖሮ ወደቡን ገጭተው ያፈርሱት ነበር።

«ትቆማለች ግን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለምን ትቆማለች?»

«ውሃው ይይዛታላ።»

«ውሃው ባይይዛትስ?»

ካፒቴኑ ከመስኮቱ «ገመድ!» ብሎ ጮኸ። ወረወረችው፤ ሳተች። ገመዱ ከወደቡ ሳይደርስ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ስታ የማታውቅ ሴት ናት። ከወደቡ ላይ ሰው ሳቀ፤ ካፒቴኑ ደግሞ ሰው ፊት የማይባል ነገር ተናገረ። ቲርዛ ውሃ የሚያንጠፈጥፈውን ገመድ እየጎተተች አሰበች። ውሃው ባይይዛት አትቆምም። እንግዲያው መሄዱን ለመቀጠል ገፊ አያስፈልጋትም። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ውሃው የሚቀማትን ለመመለስ ነው፤ የሚቀማትን ያህል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ቢበልጥማ እየፈጠነች፣ እየፈጠነች ትሄድ ነበር እንጂ ፍጥነቷ አንድ ዓይነት አይሆንም ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ወረወረች፤ ገመዱ ያዘ። ወደ ሊያንደር ዞረች።

«ይህን ለመናገር እስከ ሚያዝያ መጠበቅ ነበረብህ?»

«በጥቅምት ጠይቄዎት ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ልጠይቅዎት ጀምሬ…»

«ነፋሱ ወሰደው» አለች ቲርዛ። እፎይ አላለችም። እንዲያውም ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ጠብ፣ በአንድ ተቆርጦ በቀረ ጥያቄ ምክንያት መሆኑ አንጀቷን አሳረራት።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ሊያንደር ይዞ የመጣው አንዲት ጋሪ ብቻ ስለነበረ መጋራት ግድ ሆነባቸው። ካሲዲ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች።

«ሁለታችሁ ትዋወቃላችሁ?» አለ ሊያንደር፣ የሚያውቀውን ነገር።

«እናቴ ናት» አለች ካሲዲ ጋሪዋን እያየች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለ ማለት አይደለም። ቲርዛ አንድ ነገር ገባት እንጂ መጽሐፉ ሙሉ ነው። በየምዕራፉ አዲስ ግድግዳ ይገጥማታል፤ ነፋሱም እንደ ልማዱ መሐሉን ይወስዳል። ግን ሳይገባት ሲቀር ስልክ ትደውልለት ጀመር፤ እሱም ያነሣል።

የመጨረሻው ፈተና በሰኔ ነበር። ተፈታኙ ካሜራ ፊት ተቀምጦ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ይሠራል። ካሲዲ ትምህርት ቤት ሆና ተፈተነች፤ እዚያ መስመሩ ይሻላል። ቲርዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሆና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሠራች። አራተኛውን ማንበብ ስትጀምር መስኮቱ ተንኳኳ። ደቡብ ምዕራብ። ስክሪኑ ደረቀ። ትንሿ ክብ መጣች። ቲርዛ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች። መስመሩ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ «ተፈታኟ ፈተናውን አቋርጣ ወጥታለች» የሚል ጽሑፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የነካችው ቁልፍ ሁሉ አልሠራም።

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማማው ተራራው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያታል። ድንጋይ አንሥታ ወደዚያ ወረወረች፤ የጎረቤት አጥር መታች። ከዚያ አለቀሰች።

ካሲዲ እየሮጠች መጣች። «አራተኛው እንዴት ነበር? ተዳፋቱ ላይ…» ብላ ጀመረችና የእናቷን ፊት አየች።

«አራተኛውን አላየሁትም» አለች ቲርዛ። «ወጥተሻል አሉኝ። ከወንበሬ ሳልነሣ ወጥተሻል አሉኝ።»

ካሲዲ ወደ ወጥ ቤት ገብታ የእናቷን ስልክ ከጠረጴዛው አንሥታ ደወለች። ቲርዛ ልጇ በሰው ላይ እንዲህ ስትጮህ ሰምታ አታውቅም።

«ሚስተር ካይሊ፣ እናቴ አልወጣችም! ነፋሱ ነው ያስወጣት! … አይ፣ ደንቡን አውቃለሁ፣ ደንቡ ነው የተሳሳተው! … እሷ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማዋን ሳታወልቅ ስትማር እናንተ የላካችሁላት ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው! አንድ ነገር ያድርጉ!»

ሊያንደር የቻለውን አደረገ። የላይኛው ቢሮ አይሆንም አለው፤ እሱም ደግሞ ጻፈ፤ እናያለን አሉት። በስንት ልመና ቲርዛ በነሐሴ፣ ከወዲያኛው ወደብ ባለው ከተማ፣ በአካል ተገኝታ እንደገና እንድትፈተን ተፈቀደ። አዲስ ፈተና ነው፤ ከመጀመሪያው። የሠራቻቸው ሦስቱ አይቆጠሩም።

በጋው ክፉ ነበር። አጎት ኤላይ ወጣ። በምትኩ ኩባንያው ለጊዜው ከሌላ ቦታ ስኪነር የሚባል ሰው አመጣ፤ ዝምተኛ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ቲርዛ በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዷ ወደ ሞተር ክፍሉ ስትወርድ በር ላይ አገኛት።

«የሞተር ምስክር ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም፣ ግን ከኤላይ ጋር…»

«እንግዲያው ከላይ ነው ቦታሽ፣ እሜቴ» አለና በሩን ዘጋው።

ቤት ስትገባ ደግሞ ካሲዲ መጽሐፉን ዘርግታ ትጠብቃታለች። ካሲዲ ጥሩ ውጤት አምጥታለች፤ በመስከረም ወደ ከተማ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ማስተማር ላይ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም።

«እማ! ምልክቱ! አሁንም የመቀነስ ምልክቱን ረሳሽው!»

«አትጩሂብኝ።»

«ድንጋዩ ወደ ላይ እየወደቀ ነው እኮ! በአንቺ ስሌት ድንጋዩ ሰማይ ይገባል!»

«ይግባ! እንኳን ገባ!»

በሮች ይዘጋሉ፤ ከዚያ ይከፈታሉ። አንዷ ሻይ ታፈላለች፤ ሌላዋ ከየት እንዳቆሙ ገጹን ትፈልጋለች።

በነሐሴ ቲርዛ የዕረፍት ቀኗን ወስዳ ተፈተነች። ሁለት ጥያቄ ምንም አላወቀችውም፤ አንዱን ጀምራ ተወችው። ስትመለስ ካሲዲ ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። ቲርዛ አልሆነልኝም በሚል ከሩቅ ራሷን ነቀነቀች። ያን ሰሞን በቤቱ ውስጥ ስለ ፊዚክስ የተናገረ ሰው የለም።

ውጤቱ የመጣው ካሲዲ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ሳለ ነው። ኮሌጁ የሚጠይቀው ስድሳ ነው። ቲርዛ ያገኘችው ስድሳ ሁለት ነው።

«ስድሳ ሁለት» አለች ካሲዲ ከእናቷ ትከሻ በላይ እያየች። «ከስንት?»

«ጥፊዬ ነው የሚነግርሽ» አለች ቲርዛ። ካሲዲ ከኋላዋ አንገቷን አቀፈቻት።

ኮሌጁ ተቀበላት፤ ግን የዚህ ዓመት ቦታ ሞልቷል፣ ለሚመጣው ዓመት ነሽ አላት። አንድ ዓመት ደግሞ መጠበቅ። ተናደደች፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታችው። ወደ መጨረሻው ዝቅ ብላ ስታነብ ግን ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት በመርከብ ሞተር ክፍል ያሳለፉትን ልምምድ በባለሙያ ካስፈረሙ እንደሚታሰብላቸው የሚገልጽ አንቀጽ አገኘች።

ካሲዲን ካሸኘች በኋላ በማግስቱ ወደ ሞተር ክፍሉ ወረደችና በሩን አንኳኳች። ስኪነር ከፈተ። ወረቀቱን ሰጠችው።

አነበበው። «ይህ ምስክር ወረቀት አይደለም።»

«አይደለም። አንቀጹን አንብበው፣ ከታች ያለውን።»

ስኪነር ደንብ የሚወድ ሰው ነው። አንቀጹን ቀስ ብሎ አነበበ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እንደገና አነበበ። ደንቡ ይፈቅዳል። ሊከራከረው የሚችል ነገር ፈልጎ አጣ።

«የጆሮ መሸፈኛ አለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«አለኝ።»

«ግቢ እንግዲያው።»

ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አንድም ነገር እንድትነካ አልፈቀደላትም። ቲርዛ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እሱ ማጣሪያውን ከእሷ በዘገየ እጅ ሲያጥብ ቆማ ተመለከተች።